ለቴዲ የተሠራው የብረት ቁር

ባሏ ቴዎድሮስ መንገድ በወጣ ቁጥር ፀደንያ ስልኳን ከእጇ አትለይም። ቴዎድሮስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሲሚንቶ ጭኖ ክፍለ ሀገር ይሄዳል። ባለፈው ወር ከፊቱ ይነዳ የነበረ ጓደኛው ጋቢናው ውስጥ እንዳለ ጭንቅላቱን በጥይት ተመቶ ሞተ። ማን እንደተኮሰ የሚያውቅ የለም። ቴዎድሮስ ከቀብር መልስ ሳያርፍ መኪናውን አስነሳ።

አንድ ቀን ጊዮርጊስ አካባቢ ባለው የልብስ ስፌት ሱቋ ተቀምጣ ስልኳን ስትነካካ፣ የጥንት የፈረንጅ ተዋጊዎች የብረት ቁር ደፍተው በሰይፍ ሲከታከቱ አየች። ሰይፉ ቁሩን እየመታ ይንሸራተታል። ሱቋን ዘግታ፣ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ በርና መስኮት የሚበይዱት ጋሽ ዘይኑዲን ዘንድ ወረደች።

«እንደዚህ ያለ ይሥሩልኝ፤ ለቴዲ ነው» ብላ አሳየቻቸው።

የብየዳ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። «ይሄ ለሰይፍና ለቀስት የተሠራ ነው፣ የኔ ልጅ። የዛሬን ጥይት ላሜራ አይመልሰውም።»

«ወፍራም ላሜራ ያድርጉበት።»

«በጣም ካወፈርኩት አንገቱ አይችለውም።»

«ግድ የለም፣ ብቻ ይሥሩልኝ።»

ከጠዋት ጀምሮ ሲበይዱ ስለዋሉ ለመከራከር አቅም አልነበራቸውም። ሠሩላት። ሲያስረክቧት ግን እጃቸውን ከብረቱ ላይ ሳያነሱ፣ «ሳትሞክሪው እንዳታስደፊው» አሏት።

ወንድሟ ገብረክርስቶስ ከሰንዳፋ አለፍ ብሎ ባለ ገጠር ሚሊሻ ነው። ቅዳሜ ቁሩን በፌስታል ይዛ ሄደች። ነገሩን ስትነግረው «አብደሻል እንዴ?» አላት፤ ፊቷን ሲያይ ግን ክላሹን አነሳ። ሰጋቱራ የሞላ ጆንያ ከገደል ሥር አቁመው ቁሩን ደፉበት።

የመጀመሪያው ጥይት ጎኑን ፍቆ አለፈ። ፀደንያ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

«ቆይ» አለ ወንድሟ። «ጠርዙን ነው ያገኘሁት። ፊት ለፊት ልምታው።»

ሁለተኛው በግንባሩ ገብቶ በኋላ በኩል ወጣ። ብረቱ እንደ ወረቀት ተቀዷል፤ ከጆንያው ሰጋቱራ ቀስ እያለ ይፈሳል። ፀደንያ ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። ለማልቀስም ደክሟት ነበር።

ማታ ቴዎድሮስ ሲገባ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችለት።

«ምንድነው ይሄ?»

«ላንተ ያሠራሁት ነው። አልሆነም።»

ቁሩን አገላብጦ አየው፤ ቀዳዳው ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። «እኔ እኮ» አለ፣ «ጓደኛዬ የተመታበት ጋ ስደርስ ተጎንብሼ ነው የምነዳው። መንገዱን በመሪው ቀዳዳ እያየሁ። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

«ይብቃህ፣ ቴዲ።»

«ደክሞኛል» አለ። ይህንን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም።

በሳምንቱ ቁልፉን ለመኪናው ባለቤት መለሰ። አሁን ገልባጭ ይነዳል፤ ፒያሳ ውስጥ የሚፈርሱትን ቤቶች ፍርስራሽ እየጫነ ከከተማ ውጭ ይደፋል። ኑሮው ጠበብ ብሏል፤ እሷም የስፌት ሥራ ወደ ቤት ማምጣት ጀምራለች።

ትናንት አመሻሽ ላይ ሽፋሽፍቱ ድረስ አቧራ ለብሶ መጣና ሶፋው ላይ ተዘረረ።

«ዛሬ ምን ጫንኩ መሰለሽ? መጀመሪያ የተቀጣጠርንበትን ኬክ ቤት።»

መቀሷን አስቀመጠች። «ሁሉንም?»

«ሁሉንም» አለና፣ ጫማውን ሳያወልቅ እንቅልፍ ወሰደው።