ዝም ያለው ጡሩምባ

ሄሊኮፕተሯ ከወደቀች ወዲህ ሰው ሁሉ የሚያወራው አንድ ነገር ነው፦ «ማስጠንቀቂያው ሲጮህ አብራሪው ዘጋው።» ማን አይቶ፣ ማን ሰምቶ እንደሆነ አይታወቅም። ወሬ ክንፍ አለው፤ ሄሊኮፕተርም አይደርስበት።

የባሰው ግን፣ አብራሪው ራሱ ወሬውን አመነ። ጭንቅላቱን ተመትቶ ስለነበር ከተነሡ በኋላ የሆነውን አንዱንም አያስታውስም። ተሳፋሪዎቹ ሁሉ ተርፈዋል፣ ተመስገን ነው፤ አንዷ ሴትዮ ግን እስካሁን ከዊልቸር አልወረደችም። እሷን ባሰበ ቁጥር ምግብ አይወርድለት፣ እንቅልፍ አይወስደው።

ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። አደጋውን ወደሚያጣሩት መርማሪዎች ቢሮ ይዛው ስትወጣ፣ ደረጃው መሀል ክራንቹን ተክሎ ቆመ።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ የዘጋሁት ልበልና ይለይልኝ።»

«የማታስታውሰውን?»

«እጄን አላውቀውም? አንቺስ አታውቂውም?»

እንዴት አታውቀው! የማንቂያ ሰዓት ሲጮህበት ዓይኑን ሳይገልጥ በጥፊ የሚያጋጨው እሱ አይደል? የስንቱን ሰዓት ስብርባሪ ከአልጋ ሥር ጠርጋለች። «እንቅልፎ» የሚለውንም ስም ያወጣችለት እሷው ናት። ሆዷ «ዘግቶት ይሆናል» ይላታል። አፏ ግን በጄ አላለም።

«ስማ እንቅልፎ» አለችው፤ «ሳትጠየቅ ትንፍሽ ብትል በዚሁ በክራንችህ ነው የምልህ።»

መርማሪዋ ገና ወጣት ናት፤ ፀጉሯን ጠቅልላ እርሳስ ሰክታበታለች። ጠረጴዛዋ ላይ ኮምፒውተርና የቀዘቀዘ ሻይ አለ።

«እናቴ፣ እርስዎ ውጭ ቢጠብቁስ?»

«እናትሽ አይደለሁም፣ የሱ እህት ነኝ። ወንበሩም ተመችቶኛል።»

መርማሪዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ተወቻት። ከዚያ ከፍርስራሹ ካወጡት መቅጃ የተገኘውን ድምፅ ከፈተችው።

መጀመሪያ የሞተሩ ጉርምርምታ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ሞተሩ እንደ ማሳል አለና ቀጥ አለ። ወዲያው ጡሩምባ ጮኸ፤ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት። ከዚያ ድርግም። የነፋስ ሽውታ ብቻ ቀረ።

አብራሪው ግራ እጁን ጭኑ ሥር ደበቀ፤ ሰዓት የሰበረ ቀን እንደሚያደርገው።

«ይኸው፣ ዘጋሁት» አለ። «እኔ ነኝ...»

እህቱ እግሩን ረገጠችው። ደግነቱ ደህናውን ነው።

«በምን ዘጉት?» አለች መርማሪዋ።

«በእጄ ነዋ!»

«ምኑን ተጭነው?»

መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ። እጁ ከጭኑ ሥር ወጥታ አየር ላይ መዝጊያውን ትፈልግ ጀመር፤ ወደዚህ፣ ወደዚያ። ቀስ ብላ ቆመች።

«መዝጊያ... የለውም» አለ።

«የለውማ!» መርማሪዋ ወንበሯን ወደ እህቱ አዞረች። «ይሄ ጡሩምባ የሚጮኸው ከላይ ያለው ክንፍ መሽከርከሩ ሲደክም ነው። አብራሪው በግራ እጁ የሚይዘው ማንሻ አለ። ሞተር ሲጠፋ ያንን እስከ ታች መልቀቅ አለበት፤ ያኔ ነፋሱ ራሱ ክንፉን ያሽከረክረዋል፣ ሄሊኮፕተሯም እንደ ድንጋይ አትወርድም። ጡሩምባው ወዲያው እንዲህ ድርግም የሚለው ማንሻው ታች ሲደርስ ነው።»

«እና ዝም ያለው...» አለ አብራሪው።

«ስለሰሙት ነው። ቶሎ ነው የለቀቁት። ቢዘገዩ ኖሮ ዛሬ እዚህ ቁጭ ብለን አናወራም። ሞተሩን ያጠፋው የነዳጁ ፓምፕ ነው፤ ተሰብሮ አግኝተነዋል።»

እህቱ ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ ሳበች።

«እስቲ ያንን ነገር ድገሚልኝ» አለች።

ጡሩምባው ጮኸ፣ ዝም አለ። ዝምታው እንዴት ይጣፍጣል!

ሲወጡ አብራሪው ዓይኑን እየጠረገ፣ «እትዬ፣ አንቺም ጠርጥረሽኝ ነበር አይደል?» አላት።

«እኔ? ከአፌ ሰማህ?»

«ከአፍሽማ አልሰማሁም።»

«እንግዲያው ደረጃውን እያየህ ውረድ።»

ታክሲ ያዙ። መንገዱ ጢም ብሎ ተዘግቷል። ትንሽ እንደሄዱ ጭንቅላቱ ትከሻዋ ላይ ወደቀ፤ ከአደጋው ወዲህ ያልሰማችው የድሮው ማንኮራፋት መጣ። ሹፌሩ ፊቱ ባለው መኪና ላይ ጡሩምባውን ሲያንባርቅ ከኋላ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው።

«ወንድሜ፣ በሞቴ፣ ጡሩምባህን ተወው። እንቅልፎ ተኝቷል።»