የመግቢያው ገጽ

ማህደር አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ የኮምፒውተሩን ሥራ ብቻዋን የያዘች ሠራተኛ ናት። የክሊኒኩ ድረ ገጽ የሐኪሞችን ሰዓት ለማንም ያሳያል፤ የምርመራ ውጤት ግን ለታካሚውና ለቤተሰቡ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰርቨሩ ላይ አድራሻ የሚያዞሩ ሁለት ትእዛዞች ጻፈች፤ አንዱ ውጤቱን በተመሰጠረ መንገድ ይልካል፣ ሌላው የቀረውን ሁሉ አሮጌ ስልክም እንዲከፍተው ሳይመሰጠር በግልጹ ይሰዳል።

ሰኞ ጠዋት ውጤት የጠየቀ ሁሉ ነጭ ገጽ ይመጣበት ጀመር። ማህደር ትእዛዞቹን ደጋግማ አነበበች፣ ነጥብ ጨመረች፣ ነጥብ ቀነሰች። መብራትም ሁለቴ ሄዶ መጣ። ጠብ የሚል ነገር የለም።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ልዑልሰገድ በየሩብ ሰዓቱ ብቅ እያሉ ከገረሴ ከተማ መምህር ኦይታ የሚባሉ ሰው የባለቤታቸውን ውጤት ለማየት ሦስት ጊዜ እንደደወሉ ይነግሯታል። በመጨረሻ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ምስጠራውን አንሺውና ሁሉም በግልጹ ይሂድ። የሰው የደም ምርመራ ማን ያነባል ብለሽ ነው?»

«እሱን እኔ አላደርገውም፣ አቶ ልዑልሰገድ» አለች።

ስምንት ሰዓት ላይ ስህተቱን አገኘችው፤ የራሷ ነበር። የይለፍ ቃል የሚጻፍበትን የመግቢያ ገጽ ከሚመሰጠሩት ጋር መቁጠር ረስታለች። ገጹ ካልተመሰጠርኩ አልከፈትም ይላል፣ ሁለተኛው ትእዛዝ ይዞ ወደ ግልጹ ይመልሰዋል፤ እንዲህ ሲገፋፉ ዋሉ። አንዲት ቃል ብትጨምር ተከፈተ። ለዚች ቃል ነው ግማሽ ቀን የሄደው ብላ በራሷ በገነች።

ወዲያው መምህር ኦይታ አቧራ እንደለበሱ ገቡ። ክፍለ ጊዜያቸውን አስቀርተው ነው የመጡት። ውጤቱን አትማ እየሰጠቻቸው ስህተቱ እስኪገኝ ምስጠራውን ያላነሳችው ሌላ ሰው እንዳያየው ብላ መሆኑን አስረዳቻቸው።

«ደግ አደረግሽ፤ እኛ ትምህርት ቤት ኢንተርኔቱ የጋራ ነው» አሉ። «ግን ዛሬ አይሠራም፣ ወደ ማታ ሞክሩ ብላችሁ ብትነግሩኝ ይሄን ሁሉ መንገድ እመጣ ነበር?»

ማህደር ይቅርታ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ወረቀቱን አጣጥፈው ወጡ።

አቶ ልዑልሰገድ ከነገ ጀምሮ ውጤት በአካል ብቻ እንደሚሰጥ ወስነው ጠበቋት። መሥራቱን ብታሳያቸውም ነገ ደግሞ ይበላሻል አሉ። ማስታወቂያውን እሷው እንድትጽፍ ታዘዘች። ለካምባም ለጨንቻም ታካሚ ያን ሁሉ መንገድ ና ማለት መሆኑን እያወቀች፣ ጥርሷን ነክሳ ጻፈችው።