የባይነሽ ጥርሶች

መስከረም 12 ቀን 2017፣ እሑድ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የመርሳ ከተማው መካኒክ ደሞዜ የሟች ሚስታቸውን ምስል ወደ ድንኳኑ ሊያስገቡ ሲወጡ፣ ከምስሉ ላይ አንድም ጥርስ አልቀረም።

የባይነሽ አርባ ነው። ያላት ፎቶ የመታወቂያዋ ብቻ ነበር፤ እዚያም ላይ ዐይኗን ጨፍናለች። ደሞዜ «የተኛ ሰው ፊት አቁሜ አላስለቅስም» አሉና ከወንዝ ዳር ቀይ አፈር አምጥተው፣ በሙጫ ለውሰው፣ ፊቷን ጣውላ ላይ ሠሩት። ፀጉሯን በጥቁር ጠጠር፣ ጥርሷን በነጭ ማሽላ አደረጉት። ፍንጭቷን ለማስተካከል ብቻ ሦስት ቀን ፈጀባቸው፤ ለቀስተኛው እንዲያይላቸው የፈለጉት እሱን ነበር። ከዚያ እንዲደርቅ ብለው ማታውን ግቢ ውስጥ አስቀመጡት።

አሁን የባይነሽ ዶሮዎች አጥሩ ሥር ምንቃራቸውን ይጠርጋሉ።

የባይነሽ ታናሽ እህት ፀሐይ መጥታ ምስሉን አየችው።

«ምነው ጋሼ፣ እህቴን አስረጇት?»

«ዶሮዎቿ ናቸው።»

«ማሽላ ግቢ አሰጡ?»

«እንዲደርቅ ብዬ ነው እንጂ።»

«እሷስ ከእጇ አልነበር የምታበላቸው? ዛሬ ደግሞ ከአፏ በሉ።»

ፀሐይ ሳቋን ልትውጠው ሞከረች፤ አልቻለችም። እሷም እንደ እህቷ ፍንጭት ናት። ደሞዜ ሳቋ እስኪያልቅ ድረስ አፏን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ምስሉን አንሥተው እንዳለ ድንኳን አስገቡት።

ዶሮዎቹ ለባይነሽ ሰማንያ ታረዱ።