የመስፍን ኦርጋል ሰባት ቤት

አባ ሽባባው በጡረተኞች ክበብ ውስጥ «ልጄ ሺሪ የመጽሐፍ ሐያሲ ናት» ብለው ያልነገሩት ሰው የለም። ውሸት አይደለም። ሺሪ መጽሐፍ ትገመግማለች፤ በየሁለት ሳምንቱ ጽሑፏ በአንድ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል፤ አንብበው የሚሟገቷትም ጥቂት አይደሉም። አባቷ ያልጠየቁት፣ እሷም ለዘጠኝ ዓመት ያልነገረቻቸው፣ መጽሐፎቹ የምን መጽሐፎች እንደሆኑ ነው።

መጽሐፎቹ የጨዋታ መጽሐፎች ናቸው። ከአርባ ዓመት በፊት የታተሙ፣ በሽቦ የተሰፉ፣ ከሠላሳ ገጽ እምብዛም የማያልፉ የጀብዱ ደብተሮች። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ከቦ ይቀመጣል። አንዱ አጫዋች ይሆንና ደብተሩን እያየ ታሪኩን ይተርካል፤ ሌሎቹ ጦረኛ፣ ጠንቋይ፣ መንገደኛ ሆነው «አሁን ምን ታደርጋላችሁ?» ሲባሉ የፈለጉትን ይመልሳሉ። የተሳካና ያልተሳካውን ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ይለያል። ሺሪ እንግዲህ በሠላሳ ሦስት ዓመቷ፣ ዲግሪዋን ግድግዳ ላይ ሰቅላ፣ ዘንዶው ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ቢሆን ይሻል ነበር ወይስ አራተኛው እያለች የምትጽፍ ሴት ናት። ይህንን ለአባ ሽባባው በምን አፏ ትንገራቸው? እሳቸው ጎንደር ሳሉ ደም የተቃቡ ሰዎችን ያስታረቁ ሽማግሌ ናቸው። ባሕር ተሻግረው አሽዶድ ከተማ ከገቡ ወዲህ ነገር ሁሉ ጠበቃ ጋ እየሄደ እሳቸውን የሚጠራ ጠፋ እንጂ።

ሺሪ በሥራዋ ቀልድ አታውቅም። ያልተጫወተችውን አትገመግምም፤ ሕጓ ይኸው ነው። ሌሎች ገምጋሚዎች ደብተሩን አገላብጠው፣ ሥዕሉን አድንቀው ነጥብ ይሰጣሉ። እሷ ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሰው አስቀምጣ አጫውታ፣ የቱ ጋ እንደሳቁ የቱ ጋ እንዳዛጉ መዝግባ ነው የምትጽፈው። የሚያምኗትም ለዚሁ ነው።

በዚያ ሳምንት ታዲያ ጉድ መጣባት። ጋዲ የሚባል ትንሽ ማተሚያ ቤት ያለው ሰው፣ በሰማንያዎቹ በዕብራይስጥ የወጣ «የመስፍን ኦርጋል ግንብ» የሚል ደብተር ዳግም ሊያሳትም አስቧል። ሺሪ ከወደደችው ያሳትመዋል፤ ካልወደደችው ይተወዋል፤ የመጨረሻው ቀንም ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት፣ ለሰንበት ሥራ ሳይዘጋ። ሺሪ ደብተሩን አንብባ በጣም ወዳዋለች። አብረዋት ከሚጫወቱት ሦስት ጓደኞቿ ግን ሁለቱ ለሚሉኢም፣ ለተጠባባቂ ጦር፣ ተጠርተው የወታደር ልብስ ለብሰዋል፤ ሦስተኛዋ ኤፍራት ረቡዕ ዕለት ወለደች። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ስልክ ስትደውል ዋለች። አንድም ሰው አላገኘችም።

ዓርብ ጠዋት ደብተሩንና ዳይሱን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ ከሮቫ ዩድ ቤት ሰፈር አውቶቡስ ተሳፍራ ሮቫ ሄ ሰፈር፣ አባቷ ቤት ወረደች። መንገዱን ሙሉ የፈራችው የጊዜውን ማጠር አልነበረም። አባቷ ደብተሩን ገልጠው ዘንዶውን አይተው፣ «ዘጠኝ ዓመት በኩራት ያወራሁለት ሥራ ይኸ ነው?» ብለው እንዳይንቋት ነበር።

ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰው ነበር። አባ ሽባባው፣ እህታቸው ሐረጊቱ፣ እና ከአንደኛ ፎቅ የሚወጡት ጎረቤታቸው አባ ወንዳለ፤ በወደቡ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ሦስቱም ማዝጋኑ፣ የአየር ማቀዝቀዣው፣ ሥር ተቀምጠው የሱፍ ፍሬ ይፈለፍላሉ።

«አባዬ፣ ለቢቆሬት፣ ለግምገማዬ፣ ሰው ያስፈልገኛል» አለች ሺሪ፣ ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ። «መጽሐፉን ሰው ካልሞከረው ልጽፍ አልችልም።»

«መጽሐፍ ይሞከራል እንዴ?» አሉ አክስቷ። «ጫማ ነው?»

«ይኸ ይሞከራል፣ እቴ። ቁጭ ብለን እንጫወተዋለን።»

አባ ሽባባው ደብተሩን ተቀበሏት። ሽፋኑ ላይ ጥቁር ግንብ፣ ከግንቡ ላይ እሳት የሚተፋ ዘንዶ አለ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው መልሰው አደረጉና ደግመው አዩት።

«እሺ» አሉና መለሱላት። እሺ ብቻ። ከአንድ እሺ ምን ሊነበብ ይችላል?

ሰዎቹን ለየቻቸው። አባ ወንዳለ ጦረኛ ሆኑ፤ ደስ አላቸው። አባቷ የመንገደኞቹ አለቃ። ሐረጊቱ ጠንቋይ ነዎት ሲባሉ ግን ተነሥተው ሊሄዱ ነበር። «በሰንበት ዋዜማ? ስሜ ይጥፋ!» መድኃኒት አዋቂ ተብለው ተመለሱ።

ሺሪ ተረከች። መስፍን ኦርጋል የባለ ወፍጮውን የቶማን ልጅ፣ ሊናን፣ በጉልበት ወስዶ ግንቡ ውስጥ ዘግቶባታል። በሦስተኛው ቀን ሊያገባት ነው። የመንደሩ ሰው አልቅሶ መንገደኞቹን ለመነ። «ግንቡ በር ላይ ሁለት የታጠቁ ዘበኞች ቆመዋል። ምን ታደርጋላችሁ?»

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ የጠየቀቻቸው ሁሉ ሰይፍ መዘዋል።

«ሰላም ዋላችሁ እንላቸዋለን» አሉ አባ ሽባባው።

«አባዬ፣ መሣሪያ እኮ ይዘዋል።»

«ይያዙዋ። መሣሪያ ያልያዘ ምን ዘበኛ ነው? ሽማግሌ መጥቷል፣ ጌታችሁን ጥሩልን በያቸው።»

ዳይሱን ሰጠቻቸው። ወረወሩት፤ ዐሥራ ስምንት። ዘበኞቹ እሺ አሉ። አባ ወንዳለ «ጥላ አለ? ፀሐዩን አልቻልኩም» ሲሉ፣ ሺሪ ደብተሩን ብታይ ዛፍ የለም፤ አንድ ትልቅ ዋርካ ተከለችላቸው። ቀጥላ ገጹን ብትገልጥ ኦርጋል ከመጨረሻው ክፍል ንቅንቅ አይልም ይላል።

«መስፍኑ አይወጣም» አለች።

«ሽማግሌ ደጁ ላይ ተቀምጦ?» አሉ አባቷ። ንዴታቸው የምር ነበር። ሺሪ አፈረችና ኦርጋልን አወጣችው።

«መጀመሪያ ልጅቱ ትምጣ» አሉ ሐረጊቱ። «እዚህ፣ እኔ ጎን ትቀመጥ። እሷ ሳትቀመጥ የሚባል ነገር የለም።» ሺሪ ዳይሱን ልታቀብላቸው ስትል እጇን መልሰው ገፉት። ሊና መጣች፤ ሐረጊቱም ሶፋው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት።

አባ ሽባባው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሺሪ እንዲህ ያለ ድምፅ ከአባቷ ሰምታ አታውቅም፤ ጎንደር ላይ የቀረ ድምፅ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ይኸ ሰው ላግባ ብሏል። ሰባት ቤት ተቆጥሯል ወይ?»

ሺሪ ደነገጠች። ነገሩን ታውቀዋለች። በአገራቸው ልማድ ሙሽራና ሙሽሪት ከመጋባታቸው በፊት ዘራቸው እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ሰባት ሳይሞላ ደም ከተገናኘ ሠርግ የለም። የሐረጊቱ ልጅ እጮኝነት እዚሁ አሽዶድ ውስጥ፣ አዳራሽ ከተያዘ በኋላ፣ በስድስተኛው ቤት ሲፈርስ በዓይኗ አይታለች። የደብተሩ ደራሲ ግን ይህን ከየት ያውቀዋል? የጻፈው የኦርጋልን አባት ስም ብቻ ነው።

«ኦርጋል የኦርዲን ልጅ» አለች ሺሪ። አባ ወንዳለ ጣታቸውን አጠፉ። «ኦርዲን የኦርካን። ኦርካን የ… ኦርባል።»

«ይኸ ቤተሰብ ስም ቸግሮታል እንዴ?» አሉ ሐረጊቱ።

ሺሪ ተደናበረች። ሦስት ጥንድ ዓይን ይጠብቃታል፤ በጭንቅላቷ ውስጥ ያለው ስም አለቀ። አፏ ላይ የመጣላትን አለች። «ኦርባል የደስታው። ደስታው የውብነህ። ውብነህ የቸኮል። ከቸኮል በላይ… አይታወቅም።»

አባ ሽባባው ቀና ብለው አዩዋት። «የልጅቱስ?»

«ሊና የቶማ። ቶማ የባሲል። ባሲል የሳሙኤል።» አሁንም ጨለመባት። «ሳሙኤል የውብነህ።» ከአፏ ሲወጣ ሰማችው፤ ግን የተናገሩትን አይውጡት።

አባ ወንዳለ ሶፋውን በጥፊ መቱት። «ተገናኘ! በእሱ በኩል አምስተኛ፣ በእሷ በኩል አራተኛ! ውብነህ ላይ ደሙ ተገናኘ! ሠርጉ ፈረሰ!»

ሐረጊቱ እልል አሉ፤ ሠርግ ሲፈርስ እልል ሲባል የዚያን ቀን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ሊና ነፃ ወጣች። ጨዋታውን ከጀመሩ ገና አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። ሃያ አራት ገጽ ሳይነካ ቀረ፦ የእባቡ ጉድጓድ፣ መርዙ የሚንጠባጠብበት መተላለፊያ፣ ዘንዶው ራሱ። ሺሪ እየሳቀች ዕንባዋን ስትጠርግ አባቷ አልሳቁም ነበር።

«ደስታው አያቴ ነው» አሉ። «ውብነህ የእሱ አባት።»

ሺሪ ፊቷ ነደደ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባዬ። ሌላ ስም ጠፋብኝ። የእናንተን ስም ለክፉ ሰው ሰጠሁት።»

«ከቸኮል በኋላ ማን ነው?»

«አላውቅም።»

«ጎሹ። አሁን ለኦርጋል ሰባት ሞላለት። ላንቺ ግን አንድ ይቀርሻል፤ የጎሹን አባት፣ ይርዳው በይ።»

«ይርዳው» አለች ሺሪ። ለጨዋታው አልነበረም ያለችው፤ አባቷም ያውቁታል። ተቆጥተው ቢሆን ይቀልላት ነበር።

«እንግዲህ ኦርጋል የኛ ልጅ ነው» አሉ አባ ሽባባው።

«አባዬ፣ መጥፎ ሰው እኮ ነው።»

«የኛ ነው አልኩ እንጂ ጥሩ ነው መቼ ወጣኝ?»

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሺሪ ወጥ ቤት ገብታ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ጽሑፉ ተንቆረቆረላት። ደራሲው እንኳ ያላሰበውን መፍትሔ የሚሸከም ደብተር፣ ከዐሥር ዘጠኝ፣ ሽማግሌዎች አስታርቀው ጨረሱት፣ ይታተም! ስለ ቀሩት ሃያ አራት ገጾች አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋ አጠፋችው። ሰንበት ሊገባ ነው፣ ማን ይጠይቃታል? ደስታዋ ሞልቶ ስለፈሰሰ፣ ከመላኳ በፊት ወደ ሳሎን ወጥታ በአማርኛ እየመለሰች አነበበችላቸው።

አባ ወንዳለ አጨበጨቡ። አባ ሽባባው ፊታቸው ተኮሳተረ።

«አስታርቀው ጨረሱት ነው ያልሽው?»

«አዎ አባዬ።»

«ማንን አስታረቅን? ሠርጉ ፈረሰ እንጂ ነገሩ መቼ አለቀ? የልጅቱ አባት ገና አልተሰማም። ኦርጋል ካሳ አልቆረጠም። ግንቡንስ መቼ አየነው? ከምድር በታች ሌላ የታሰረ ሰው ቢኖርስ? እኔ ሳላይ አየ ብለሽ፣ ሳልጨርስ ጨረሰ ብለሽ ትጽፊያለሽ?»

«ጊዜ የለኝም። ጋዲ እየጠበቀ ነው። ዛሬ ካልላክሁለት ይተወዋል፤ ደብተሩ በዚያው ይቀራል።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ ይያዝ። ወንዳለ፣ ትመጣለህ?»

«እሑድ ዶክተር ጋ ቶር ተይዞልኛል፣ ቀጠሮ አለኝ» አሉ አባ ወንዳለ። ጥቂት አሰቡና፣ «አሰርዘዋለሁ» አሉ።

«ልጅቱ እስከዚያ እኔ ዘንድ ትሰነብታለች» አሉ ሐረጊቱ፣ ባዶውን የሶፋ ጥግ እያዩ።

ሺሪ ሦስቱንም አየቻቸው። አንዳቸውም አይቀልዱም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይንቁብኛል ብላ ከአባቷ የደበቀችው ሥራ፣ ዛሬ ጠዋት እሷ ልታቃልለው ስትል እሳቸው አላስነካ አሉ። አፈረች። ከሐፍረቱ ይልቅ ግን ደስታው በለጠባት፤ ስልኩን አነሣች።

«ጋዲ፣ አልላክሁም» አለች በዕብራይስጥ። «አላለቀም። እሑድ ነው የምንቀጥለው።»

ጋዲ ጮኸ። አታሚው ቀን ሰጥቶኛል አለ፤ ሌላ ገምጋሚ አላጣም አለ፤ ከደቡብ፣ ከአሽዶድ ሰው ጋር መሥራት ይኸው ነው አለ። ጩኸቱ ሲያልቅበት «ከማን ጋር ነው የምትጫወቺው ለመሆኑ?» ብሎ ጠየቃት።

«ከአባቴ ጋር» አለች ሺሪ። «ከእንግዲህ አብሮኝ የሚገመግመው አባቴ ነው። እሱ አለቀ ሳይል አልልክም።»

ጋዲ እየተነጫነጨ እስከ ሰኞ ጠዋት ሰጣት።

ስልኩን ዘግታ ስትዞር አባቷ ያዩዋታል። ዕብራይስጡ ገብቷቸዋል። የሱፍ ፍሬውን ቅርፊት ከጠረጴዛው ላይ በእጃቸው ጠርገው ከጎናቸው ያለውን ወንበር ሳቡላት።

«ነይ ተቀመጪ» አሉ። «ይኸ ባለ ወፍጮው፣ ቶማ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው? ግልፍተኛ ነው? እሑድ ፊቱ ከመቅረቤ በፊት ጠባዩን ማወቅ አለብኝ።»

ደብተሩ ስለ ቶማ ከስሙ በቀር ምንም አይልም። ሺሪ ተቀመጠችና ሰንበት እስኪገባ ድረስ ነገረቻቸው።