ቅርፊት የሌለው አሳ

ፈትሂያ መካነ ሰላም መጥታ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመረች ወዲህ እንደዚያ ቀን ደሟ ፈልቶ አያውቅም። ነገሩ የመጣው ደግሞ ለትምህርት ብላ በለመነችው የአሳ ራስ ነው።

ተማሪዎቿ የአሳን የሰውነት ክፍሎች የሚያውቁት ከመጽሐፍ ሥዕል ነበር፤ ሥዕሉም ደብዝዞ የሚተነፍስበት ስንጥቡ ከዓይኑ አይለይም። እሷ ግን ልጆቹ በእጃቸው ነክተው፣ ከፍተው እንዲያዩ ፈለገች። ጊዜው የገና ጾም ነው። አሳምነው የሚባል ባለ ምግብ ቤት "ከሐይቅ የመጣ ቆሮሶ" እያለ ለጿሚው አሳ ይጠብሳል። በጓሮው በኩል ሄዳ የሚጣለውን ራስ ጠየቀች። አሳምነው አልነበረም፤ ሳህን የምታጥበው ሴት አንድ ፌስታል ሙሉ ዝቃ ሰጠቻት።

ክፍል ገብታ ጋዜጣ ላይ ስትገለብጠው ደነገጠች። ራሱ ሁሉ እንደ አካፋ ጠፍጣፋ ነው። አፉ ሰፊ፣ ዓይኑ ትንንሽ፣ በአፉ ዙሪያ ረጃጅም ጺም ተንጠልጥሏል። ቆሮሶ ደግሞ ባለ ቅርፊት ነው፤ ጺምም የለውም። ከተማሪዎቿ ፊት መደንገጧን ዋጥ አድርጋ አንዱን ሰነጠቀችና ከስንጥቡ በላይ ያለውን፣ የዛፍ ቅርንጫፍ የሚመስለውን ቀይ ነገር አሳየቻቸው።

"ይሄ አምባዛ ነው፤ በዚህ ከአየር ይተነፍሳል። ውሃው ሸሽቶ ጭቃ ሲቀር ሌላው አሳ ያልቃል፣ እሱ ይሰነብታል። ጭቃ ውስጥ ዓይን ብዙም አይረባምና በጺሙ እየዳሰሰ ምግቡን ያገኛል። ቆዳው ልሙጥ ነው፤ ቅርፊት የለውም።"

ቅርፊት የለውም ስትል ነው እትዬ ብርሀንነሽ ትዝ ያሏት።

እትዬ ብርሀንነሽ ቤት ያከራዩዋት አሮጊት ናቸው። ከወግዲ ሻንጣዋን ይዛ ግቢያቸው ከገባች ጀምሮ እንደ ልጃቸው ነው ያኖሯት፤ በረመዳን ማፍጠሪያ ቴምር ገዝተው የሚጠብቋት እሳቸው ናቸው። በጾማቸው ቀልድ አያውቁም። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አሳ አባቶቻቸው አልቀመሱም፣ እሳቸውም አይቀምሱም። ሐኪም ሰውነትዎ ተጎድቷል ካላቸው ወዲህ ግን ምሳቸውን እዚያው አሳምነው ቤት ቆሮሶ ይበሉ ነበር። ቆሮሶ መስሏቸው።

ፈትሂያ ትምህርቱን እንደጨረሰች ከነነጭ ጋወኗ ሄደች፤ አንዱን ራስ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

"አሳምነው፣ ይሄ ቆሮሶ ነው?"

አየት አድርጎ ሳቀ። "አሳ አሳ ነው፣ መምህርት። ቆሮሶ ጠፋ፣ ተወደደ። ቆዳው ተገፎ፣ በዱቄት ተለውሶ ሲጠበስ ማን ይለየዋል?"

"ሰው እኮ ቆሮሶ ብሎ ነው የሚያዝህ! ጿሚ ነው!"

"አንቺ እስላም ነሽ። ያንቺን ሃይማኖት አልነካሁብሽ። ምን አገባሽ?"

ምን አገባሽ! ያደገችው በየሰርጉ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም ለየብቻ በሚታረድበት አገር ነው፤ ጎረቤት የጎረቤቱን ድስት እንዳይቀላቀል ሲጠብቅ እያየች።

"ወላሂ፣ ያልታረደልኝን ሥጋ የእስላም ነው ብሎ የሚያበላኝ ቢመጣ እትዬ ብርሀንነሽ ዝም የሚሉ ይመስልሃል?" ብላው ወጣች።

ለአሮጊቷ መንገሩ ግን ከበዳት። ስትነግራቸው መጀመሪያ የተቆጡት እሷን ነው። "ምነው ባልነገርሽኝ! ሳላውቅ በበላሁት ማን ይጠይቀኝ ነበር?" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ፈትሂያ እንባዋ መጣ። በማግስቱ ፈትሂያ ለምሳ ስትመለስ ግን ነጠላቸውን አጣፍተው በሯን አንኳኩ። "ነይ። ምሳ እንብላ" አሏት።

ምግብ ቤቱ በመሥሪያ ቤት ሰው ጢም ብሏል። እትዬ ብርሀንነሽ ቆሮሶ አዘዙ። ሳህኑ ሲመጣ ደህና አድርገው ጠቀለሉና አሳምነውን ጠሩት።

"ና እስቲ ልጄ። እንካ፣ ጉረስ።"

አሳምነው ፈትሂያን አያት፤ ጉርሻውን አየው። "ይብሉ እትዬ። እኔ ጠግቤያለሁ።"

"በጾም፣ ገና በስድስት ሰዓት፣ ምን በልተህ ጠገብህ? በሞቴ!"

በላተኛው ሁሉ ዞሮ አያቸው። አሮጊት በሞቴ ብላ የዘረጋችውን እጅ የሚመልስ ሰው እዚያ አገር አልታየም። አሳምነው ግን ከንፈሩን ገጥሞ ወደ ኋላ አለ።

"እጄ ዛለ እኮ፣ አሳምነው።"

"እትዬ፣ እኔ እኮ አምባዛ አልበ..." አለና አፉን በእጁ ያዘ።

አምልጦታል። ወንበር ተንኳኳ። አንዱ የጎረሰውን ሶፍት ላይ ተፋ፤ ሌላው ሳህኑን ገፍቶ ተነሣና "እኛንስ ለምን ታበላናለህ?" ብሎ አንገቱን ሊያንቀው ደረሰ። እትዬ ብርሀንነሽ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መልሰው እጃቸውን ታጥበው ወጡ።

ምግብ ቤቱ ለጥቂት ቀን ተዘጋና ተከፈተ። አሳምነው፣ አቅራቢው ነው ያታለለኝ አለ፤ ያመኑት አልጠፉም። ማንንም ግን ይቅርታ አልጠየቀም።

እትዬ ብርሀንነሽን የንስሐ አባታቸው ሳያውቁ የበሉት አይቆጠርብዎትም ብለዋቸዋል። ልባቸው አላረፈም። በየማለዳው ይሰግዳሉ፤ ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው የበሩን መቃን ይዘው ይነሣሉ። አንድ ቀን ፈትሂያ ደግፋ ስታነሣቸው መታገሥ አልቻለችም።

"እርስዎ ምን አጠፉ? መስገድ ያለበት እሱ አይደለም?"

"አብሽሪ ልጄ" አሏት፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። "አብሽሪ።"

ንዴቷ ግን አልበረደላትም። ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ አሳምነው በሩ ላይ ቆሞ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ "ሰላም አደርሽ፣ መምህርት" አላት። ፈትሂያ የሰው ሰላምታ ሳትመልስ አልፋ አታውቅም ነበር። ያን ቀን አለፈች።