ከፍ ያለው ጠረጴዛ

ኤልፍነሽ ሃምሳ አራት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ሚስማር መትታ አታውቅም። ቤት ውስጥ መጋረጃ የሚሰቅለው፣ የላላ የበር እጀታ የሚያጠብቀው ባሏ ሽፈራው ነው፤ እሱም ሦስት ጊዜ ከተለመነ በኋላ። ቶሮንቶ፣ ኢስት ዮርክ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ አሥራ ሁለት ዓመት ስትሠራ እጇ የለመደው ሰው ማንሳት፣ ማጠብ፣ አንሶላ መቀየርና ማጉረስ ነበር። ስለዚህ አንድ ቀን ከሥራ መጥታ መጋዝ ልገዛ ነው ስትለው ሽፈራው በትክክል የሰማ አልመሰለውም።

ነገሩ የጀመረው አቶ ዘርይሁን ወደ መንከባከቢያው በገቡ በማግስቱ፣ በምሳ ሰዓት ነው።

አቶ ዘርይሁን ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ተሰደው ቶሮንቶ የገቡ፣ በፊት ጉለሌ፣ ኋላም እዚያው ስካርቦሮ፣ ዕድሜ ልካቸውን እንጨት ሲልጉ የኖሩ አናጢ ናቸው። ሚስታቸው ሞቱ፤ ከዚያ ሕመሙ እግራቸውን ያዘው፣ እጃቸውንም ያንቀጠቅጠው ጀመር። ብቻቸውን መኖር ሲያቅታቸው ነው የመጡት። በባትሪ የሚሄደው ዊልቸራቸው ትልቅ ነው። መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ወደ ጠረጴዛ ሲጠጉ የዊልቸሩ የእጅ ማስደገፊያ ከጠረጴዛው ፊት ሥር የሚዞረውን ክፈፍ ገጭቶ ቆመ። ሠራተኞቹ እንደ ልማዳቸው የፕላስቲክ ትሪ ዊልቸሩ ላይ ገጠሙላቸው፤ መተላለፊያ እንዳይዘጉም ጥግ ወስደው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሯቸው። አንገታቸው ላይ እንደ ሕፃን ጨርቅ አሰሩላቸው።

አቶ ዘርይሁን ትሪውን ከነሾርባው ገፍተው ወለል ላይ ጣሉት።

ሪፖርት ተጻፈ። ሰውየው ይቆጣል፣ ዕቃ ይወረውራል ተባለ። እንግሊዝኛ ባያንሳቸውም ሲናደዱ ይተዉታልና፣ ማናጀሯ አማርኛ የምትችለውን ኤልፍነሽን ጠርታ ምን እንደሆኑ እንድትጠይቅላት ላከቻት።

«ሱዳን ታስሬ እንኳ ክብ ሠርተን ነበር የምንበላው» አሏት አቶ ዘርይሁን። «ግድግዳ እያየሁ አልበላም። ይህንኑ ንገሪያት።»

ነገረቻት። ማናጀሯ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ወዲያው ፎርም ሞላች። መልሱ ግን ከበላይ አለቆቿ ከወር በኋላ ነው የመጣው፤ ጠረጴዛ የሚገዛው ከተፈቀደው ካታሎግ ብቻ ነው፣ የአዳራሹ ዕቃ የሚቀየረውም ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፣ እስከዚያው ትሪው ይበቃል የሚል። በዚያ አንድ ወር ውስጥ አቶ ዘርይሁን አዳራሹን አልረገጡትም። ክፍላቸው የሚመጣላቸውን ምግብ ቀመስ አድርገው ይመልሱታል። ኤልፍነሽ ገላቸውን ስታጥብ የጎድን አጥንታቸው መቆጠር እንደጀመረ አይታለች።

መልሱን ስታደርስላቸው አልተቆጡም። ሜትር እንድታመጣ ብቻ ጠየቋት። በሚቀጥለው ሺፍት ከቤቷ የልብስ መለኪያ ይዛ መጣችና ከወለሉ እስከ እጅ ማስደገፊያው ለካች። ሁለት ጣት ከፍ አድርገሽ ጻፊው አሏት። ክፈፉ ከዚያ በላይ መዋል አለበት፤ ቀጭን ከሆነም ዊልቸሩ ያለችግር ሥሩ ይገባል።

«ጠረጴዛ መሥራት ታውቂያለሽ?» አሏት።

«ኧረ እኔ ከየት አምጥቼ፣ ጋሼ።»

«እጅሽ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«እንግዲያው ችግር የለም። አፌ ደግሞ ደህና ነው።»

ስትስቅ እሳቸው አልሳቁም።

ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ፣ ከሐበሻ ሱቆቹ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ የሰፈር ሰው የሚማርበት የእንጨት ወርክሾፕ አለ። ኤልፍነሽ ለቅዳሜ ክፍል ተመዘገበች። አስተማሪዋ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የምትይዝ ወጣት ሴት ናት። ጀማሪ ሁሉ በመክተፊያ ነው የሚጀምረው አለች። ኤልፍነሽ መክተፊያውን በአንድ ቀን ጨርሳ ጠረጴዛ እንደምትፈልግ ስትነግራት፣ አስተማሪዋ በትሕትና ጠረጴዛ የሦስተኛው ኮርስ እንደሆነ አስረዳቻት።

«የምሠራለት ሰው ሦስተኛ ኮርስ ድረስ አይጠብቀኝም» አለች ኤልፍነሽ። አስተማሪዋ ጥግ ላይ ያለውን ሞርሳ አሳየቻት፤ እንጨቱን ጠፍሮ የሚይዘውን ብረት። ከዚያ በኋላ ያ ጥግ የኤልፍነሽ ሆነ።

በዚህ ዓይነት ሁለት አስተማሪ ነበራት። ቅዳሜ ወርክሾፕ ትውላለች፤ በሳምንቱ ደግሞ የቆረጠችውን ቁራጭ በዘንቢል ይዛ፣ በምሳ ዕረፍቷ አቶ ዘርይሁን ክፍል ትገባለች። እሳቸው ቁራጩን ጭናቸው ላይ አድርገው አውራ ጣታቸውን ያስኬዱበታል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ እንጨት ሲነካ ግን መንቀጥቀጡ ቀነስ የሚል ይመስላል።

«ይህን በጥርስሽ ነው የቆረጥሽው?» አሉ የመጀመሪያውን እግር አይተው።

መጋዙን እንዳትጫነው፣ የራሱ ክብደት እንደሚበቃው፣ እሷ መንገዱን ብቻ እንድታሳየው ነገሯት። የእርሳስ መስመር ይወፍራል፤ በቢላ ጫሪው አሏት። የያዝሽው ሜፕል ጠንካራ እንጨት ነው፤ በጅማቱ ካልላግሽው ይቦጨቅብሻል፤ እጅሽን ስታሳልፊበት የሚለሰልስበት አቅጣጫ አለ፣ መላጊያውን በዚያ ንጂው አሏት። አንድ እግር ሦስት ጊዜ መለሱባት። አራተኛው ላይ ምንም ሳይሉ ወደ ሚቀጥለው ሥራ አለፉ፤ የሳቸው ምስጋና ይኸው ነበር።

ሽፈራው ነገሩን አልወደደውም። እቤት ስትሆን የምትሠራበት በረንዳ በእንጨት ፍቅፋቂ ተሞላ፤ ከታች ያለው ጎረቤት ስለ መጋዙ ድምፅ ለሕንፃው ጽሕፈት ቤት ደወለ። ወገቧን እያመማት፣ ማታ ማታ ትከሻዋን በቅባት እያሸላት፣ ይህ ነገር ምንሽ ነው ይላታል። ቸርች ውስጥም ወሬው ደረሰ። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ አንዲት እህት በሰው ፊት፣ በዚህ ዕድሜ አናጢ ሆንሽ አሉ ብላ ሳቀችባት።

«የምናመልከው ጌታ ሥራው ምን ነበር?» አለቻት ኤልፍነሽና ኮቷን ለበሰች።

ሐምሌ ላይ ግን ራሷ ልትተወው ደረሰች። ክፈፉን ከእግሩ ጋር የሚያይዘው ወንዴና ሴቴ መገጣጠሚያ ነው፤ የክፈፉ ጫፍ ምላስ ሆኖ ይጠረባል፣ እግሩ ላይ ደግሞ ለምላሱ የሚሆን ቀዳዳ በመሮ ይፈለፈላል። የሦስቱ እግሮች ደህና ሆነ። አራተኛው ላይ ቀዳዳውን አስፍታ ፈለፈለችውና ምላሱ ውስጡ ተንቀጫቀጨ። ደክሟታል፤ ሜፕሉ እያለቀባት ነው። ክፍተቱን በኮላ ሞላችው፤ ከውስጥ በኩል ሁለት ቪቴ አስገባች፤ አናታቸውን በሰጋቱራና በኮላ ደፍና በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰችው። ለዓይን ከሌሎቹ አይለይም።

አቶ ዘርይሁን አውራ ጣታቸውን አስኬዱበት። ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ። በጣታቸው አንጓ አንኳኩት።

«ውስጡ ብረት አለ» አሉ።

ኤልፍነሽ የደፈነችበትን ቦታ በጣቷ አሳየቻቸው።

«ቪቴ ማሰር እኔም አላቃተኝም። ክፈፉን ያቀጠንነው ዊልቸሩ እንዲገባ ብለን ነው። እግሩን የሚይዘው ይህ መገጣጠሚያ ብቻ ነው። ነገ አንድ ሰው ክንዱን ጥሎ ሲደገፍበት ቪቴው ይላላል። የዚህ ቤት አለቆችም ይቺን ቀን ነው የሚጠብቁት። ካታሎግ ያልነው ለዚህ ነው ይላሉ። እውነታቸውን ይሆናል።»

«እርስዎ ተቀምጠው ማዘዝ ቀለለዎት» አለች ኤልፍነሽ። ድምፅዋ ከፍ ማለቱን የሰማችው ከተናገረች በኋላ ነው። «ስምንት ሰዓት ሙሉ ሰው ሳነሳ ሳስቀምጥ ውዬ ነው ቆሜ የምጠርበው። ወገቤ ተቆርጧል።»

አቶ ዘርይሁን እግሩን ከጭናቸው አንስተው አልጋው ላይ አስቀመጡት።

«የተቀመጥኩት ወድጄ አይደለም» አሉ።

እግሩን አንስታ ሳትሰናበታቸው ወጣች። በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት የሳቸውን ክፍል ለሌላ ሠራተኛ ሰጥታ በሌላኛው ኮሪደር ሠራች። ቤቷ ስትገባም ለሽፈራው ትቼዋለሁ አለችው፤ እሱም ተመስገን አለ። ያቺ ተመስገን ነች ያልተዋጠችላት። ሌሊቱን ሙሉ ጆሮዋ ውስጥ ስታቃጭል አደረች። ቅዳሜ ጠዋት ወርክሾፑ ሳይከፈት በሩ ላይ ደረሰች። ቪቴዎቹን አልነቀለችም፤ ያንን እግር ከነክፈፉ ከተረፈው እንጨት ክምር ላይ ወርውራ፣ ለአዲስ እግርና ክፈፍ የመጨረሻውን ሜፕል ሞርሳ ላይ አሰረች። እሳቸውን ለማስደሰት አልነበረም፤ እልህ ነው። ቀዳዳውን በትንሽ በትንሹ፣ መሮውን በየጊዜው እየሳለች፣ ቀኑን ሙሉ ፈለፈለችው። ምላሱን ስታስገባው በእጅ ግፊት ገብቶ፣ ገልብጣ ስታራግፈው አልወጣም። ኮላ ገና አልነካውም።

ሰኞ ዕለት ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። አቶ ዘርይሁን ሊነቅሉት ሞከሩ፤ አልተነቀለም። ገልብጠው በጣታቸው አንኳኩት።

«ፊቱን ስንት ጣውላ ነው የምናደርገው?» አሉ በመጨረሻ።

ጠረጴዛው መስከረም መባቻ ላይ አለቀ። አምስት ጣውላ ጎን ለጎን ተጣብቆ፣ ተልጎ፣ ዘይት ጠጥቶ። ከሌሎች ጠረጴዛዎች በአንድ ስንዝር ግድም ከፍ ይላል። ሽፈራው እስከ መጨረሻው አላመነበትም፤ ቢሆንም ከጓደኛው ቫን ተውሶ፣ አንዱን ጫፍ እሱ አንዱን እሷ ተሸክመው ጫኑት። ቀኑ ሐሙስ ነው፤ ኤልፍነሽ ኦፍ ናት። ዩኒፎርሟን አልለበሰችም፤ የእሑድ ቀሚሷን ነው የለበሰችው። መግቢያው ላይ የጎብኚዎች መዝገብ ላይ ስሟን ጽፋ፣ ለማን መጡ በሚለው ቦታ ላይ አቶ ዘርይሁን ብላ ሞላች።

ማናጀሯ መመገቢያ አዳራሹ በር ላይ ደረሰችባቸው። የውጭ ዕቃ ወደ አዳራሹ አይገባም፤ ያልተፈተነ ነው፤ ቢሰበር ተጠያቂው ማነው፤ ደግሞስ ሠራተኛ እንዲህ ማድረግ አይፈቀድላትም አለች። ኤልፍነሽ ዛሬ ሠራተኛ ሳትሆን ጠያቂ መሆኗን ነገረቻት። ማናጀሯ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ክፍላቸው ውስጥ ቢገባ እንደማትከለክል፣ ከዚህ በላይ ግን አቅሟ እንዳልሆነ ተናገረች።

ይህን ጊዜ አቶ ዘርይሁን ከኋላ በዊልቸራቸው ደረሱ። በእንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል እየለቀቁ ተናገሩ።

«ክፍሌ ውስጥ እተኛለሁ። የምበላው ከሰው ጋር ነው።»

ለኤልፍነሽና ለሽፈራው እዚያው አኑሩት ብለው በእጃቸው አመለከቱ። ጠረጴዛው ኮሪደሩ ላይ፣ የአዳራሹ በር አፍ ላይ ተቀመጠ። አቶ ዘርይሁን ዊልቸሩን ወደፊት ነዱት። የእጅ ማስደገፊያው ከክፈፉ ሥር ሳይነካው ገባ፤ ደረታቸው ከጠረጴዛው ጠርዝ እስኪገናኝ ተጠጉ። ሁለት ክንዳቸውን ዘርግተው አሳረፉበት። ከዚያ ሾርባ እንዲመጣላቸው ጠየቁ።

ሠራተኞቹ ማናጀሯን አዩ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ኤልፍነሽ በእሑድ ቀሚሷ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ሄዳ፣ ሾርባውን ራሷ ተቀብላ አመጣችላቸው።

አዳራሹ ውስጥ ከግድግዳው ጥግ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አድርገው ይበሉ የነበሩ ሚስስ ዴስፒና የሚባሉ ግሪካዊት አሮጊት ነበሩ። ዊልቸራቸው እንደ አቶ ዘርይሁን ያለ ነው። ዘወር ብለው ነገሩን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ አንገታቸው ላይ የታሰረውን ጨርቅ ፈተው ጣሉ፤ ትሪያቸውን እንዲያነሳላቸው አንዱን ሠራተኛ በዓይናቸው አዘዙ፤ እየነዱ መጥተው በጠረጴዛው በዚያኛው ወገን ገቡ። ለአቶ ዘርይሁን ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉላቸው።

ማናጀሯ ኮሪደር መዝጋት ከእሳት አደጋ ሕግ ጋር እንደሚጣላ፣ ጠረጴዛው እዚህ አንድ ደቂቃ ሊቆም እንደማይችል አስረዳች።

«ልክ ነሽ» አሉ አቶ ዘርይሁን፣ ማንኪያቸውን ሳያስቀምጡ። «ወደ ውስጥ አስገቢው።»

ማናጀሯ ስልክ ደወለች። ትንሽ ቆይቶ የሕንፃው ጥገና ሠራተኛ መጣ፤ ግዙፍ ሰው ነው። ሁለቱ አረጋውያን ሾርባቸውን እስኪጨርሱ በትዕግሥት ጠበቀ። ከዚያ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው፤ ሙሉ ክብደቱን ጣለበት፤ ተንበርክኮ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በባትሪ አያቸው።  ሰውየው ተነስቶ ለማናጀሯ፣ አዳራሹ ውስጥ ካሉት ሁሉ ይህ ይሻላል አላት።

ከካታሎግ የታዘዘው እስኪመጣ ድረስ ለጊዜው ይግባ ተባለ።

በሚቀጥለው ሳምንት ኤልፍነሽ ቢሮ ተጠርታ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጣት። ግርጌው ላይ፣ ባደረግሁት ተጸጽቻለሁ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም የሚል አረፍተ ነገር አለ፤ ከሥሩ የፊርማ መስመር። ኤልፍነሽ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከማናጀሯ ማስመሪያ ተውሳ አረፍተ ነገሩን ከዳር እስከ ዳር ሰረዘችውና፣ ደብዳቤው ደርሶኛል ብላ ጽፋ ፈረመች።

ማናጀሯ ይህ ፋይሏ ውስጥ እንደሚቀመጥ፣ ሌላ ጊዜ ጥፋት ቢገኝባት እንደሚጠቀስባት በሐዘኔታ ነገረቻት።

«ይቀመጥ» አለች ኤልፍነሽ።

ከቢሮው ወጥታ በቀጥታ ወደ አዳራሹ ሄደች። ግድግዳ እያዩ የሚበሉ ገና ሦስት ሰዎች ቀርተዋል። ሜትሩን ከኪሷ አውጥታ፣ አንድ በአንድ አጠገባቸው እየተንበረከከች፣ የዊልቸራቸውን ከፍታ መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈች። ማናጀሯ በበሩ መስታወት ታያታለች። ኤልፍነሽም መታየቷን አውቃለች፤ አልቸኮለችም።