የቦጎሚር አቧራ

ቦጎሚር ከራሱ ሌላ አዋቂ ያለ አይመስለውም። በሉብሊያና ከተማ በሚሠራበት የፊዚክስ ተቋም፣ ከፀጉር በሚጠብቡ ባለአራት ማዕዘን ጉድጓዶች ውስጥ ፈሳሽ ክሪስታል ይሞላል። የክሪስታሉ ሞለኪውሎች ሰልፋቸው የሚዛነፍበትን ነጥብ፣ ማለትም እንከኑን፣ አንድ ቦታ አስሮ ለማስቀመጥ ሲለፋ ዓመታት አልፈዋል። ለዚህም ብሎ በየጉድጓዱ አንድ ጥግ ላይ ስንጥቅ አበጀና «ወጥመድ» አለው። እንከኑ ግን ወጥመዱን ንቆ ከግድግዳ ግድግዳ ይንከራተታል።

ስሌቱን የምትሠራው ባልደረባው ዝደንካ «በየጉድጓዱ እንከኖቹ ሁለት መሆን አለባቸው፤ አንዱ ወጥመድህ ውስጥ ነው» ብትለው ከት ብሎ ሳቀባት።

«አንቺ ደግሞ መቼ ክሪስታል አይተሽ ታውቂያለሽ? እዚያ ያለው አቧራ ነው!»

እውነትም በማይክሮስኮፕ በሚያነሣው ሥዕል ሁሉ፣ ሁልጊዜ እዚያው ጥግ፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ ነበረች። ቦጎሚር ንጹሕ ሥራ ይወዳልና ኮምፒውተሩ ከየሥዕሉ እንዲያጠፋት አዘዘ። ጉድጓዶቹን ደጋግሞ አጠበ፤ የጽዳት ሠራተኞቹንም ሰደበ። አቧራ እንዴት በየጉድጓዱ አንድ ጥግ ብቻ መርጦ እንደሚቀመጥ ግን አልጠየቀም። ለእሱ እንዲህ ያለ ጥያቄ የተማሪ ነው።

በመጨረሻ ወጥመዱ እንደማይሠራ፣ የዝደንካም ስሌት ከንቱ እንደሆነ ሊያውጅ ባልደረቦቹን ሰበሰበ። ፖቲጻ የሚባለውን የድግስ ኬክ ሳይቀር አስመጣ። ዛሬ አፈር ድሜ ሊያበላት ነው። ማይክሮስኮፑን በቀጥታ ከስክሪኑ ጋር አገናኘው። ኮምፒውተሩ ጣልቃ ስላልገባ ነጥቧ በየጉድጓዱ ጥግ ብቅ አለች።

«እሷን ተዉአት፤ አቧራ ናት» አለ።

«እስቲ አሙቀው» አለች ዝደንካ፣ የኬኩን ፍርፋሪ ከጣቷ እያራገፈች። «ሲሞቅ ሰልፉ ይፈርሳል፤ እንከንም አብሮ ይጠፋል። አቧራ ግን የትም አይሄድም።»

«ደስ ይበልሽ!» ብሎ ማሞቂያውን ከፈተ።

ፈሳሹ ሞቀ፤ ተንከራታቹ እንከን ጠፋ። አቧራዋም ጠፋች።

ቦጎሚር ጉሮሮውን ጠረገና አቀዘቀዘው። ተንከራታቹ ሌላ ግድግዳ ጋ ብቅ አለ። ነጥቧ ግን በእያንዳንዱ ጉድጓድ ተመልሳ እዚያችው ስንጥቅ ውስጥ ቁጭ አለች።

የቦጎሚር ፊት ደም መሰለ። ሲመኘው የኖረውን እንከን ወጥመዱ ይዞለት ኖሯል፤ በገዛ እጁም ከየሥዕሉ ሲፍቀው ከርሟል። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

ዝደንካ ተነሥታ እጇን ዘረጋችለት።

«እንኳን ደስ አለህ፣ ቦጎሚር። ወጥመድህ ይሠራል።»

በሕይወቱ እንዲህ ያለ ስድብ ተሰድቦ አያውቅም።